በመልስ ከሚመጡ ሳንቲሞች ውስጥ ግራ የገቡኝ፦ ማን ያውቃቸዋል? (ደሴ)

የሱቅ ልጅ፣ ደሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዝርዝር ሁሌም ያጥረኛል። ስለዚህ ከሙዳየ ምጽዋት የሚወጣውን ሳንቲም በኖት እቀይራለሁ። የባጃጅ ልጆችም ማታ ማታ የሰበሰቡትን ያመጡልኛል። ደንበኛን "መልስ የለም፣ ማስቲካ ውሰድ" ማለት አልወድም።

ታዲያ ስቆጥር መልካቸው ያላማረኝን በአንድ ጣሳ ለብቻ ሳጠራቅም ከርሜያለሁ። የትኛው የተበላሸ፣ የትኛው ብርቅ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። የስልኬ ካሜራ ደካማ ስለሆነ በቃል ልግለጻቸው።

አንዱ ብረቱ አንድ ብር ነው። መሐሉ የለም፣ ቢጫው ቀለበት ብቻ ቀርቷል። አንድ አሥር ሳንቲም አለ፤ የደጋ አጋዘኑ በደንብ ይታያል፣ ቀለሙ ግን ቢጫ ሳይሆን እንደ ስሙኒ ነጣ ያለ ነው። አንድ ስሙኒ ደግሞ በአንበሳው ፊት ላይ ፊደል ተገልብጦ ገብቶበታል። ሽልንጉ (ሃምሳ ሳንቲሙ ማለቴ ነው) የባሰ ነው፤ አንበሳውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ሳዞረው በወዲያኛው ፊት ያሉት ሰዎች በጎናቸው ተጋድመው ይመጣሉ።

ሁለት አሮጌዎችም አሉ። አንዱ የጃንሆይ ምስል ያለበት ቀይ ሳንቲም ሲሆን ጠርዙ ክብ አይደለም፣ ዙሪያውን ገባ ወጣ ይላል። ሌላው መሐል ለመሐል ቀዳዳ ነው፤ የእንግሊዝ ፊደል አለበት።

ታናሽ ወንድሜ ቴሌግራም ላይ "ስህተት ያለበት ሳንቲም በመቶ ሺህ እንገዛለን" የሚል አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይንገረን።

ሮንዴላ፣ ኮምቦልቻ፦

የአንድ ብሩን እኔ ልመልስልህ። የምሠራው ጋራዥ ነው። ያን መሐል በመዶሻና በቡሎን ለማስወጣት ሁለት ምት ይበቃል። ልጆች ቀለበቱን ለጣታቸው ይፈልጉታል። እኛም ሮንዴላ ሲጠፋ ሳንቲም በስተን የምንጠቀምበት ጊዜ ነበር።

ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙርና የውስጡን ግድግዳ እይ። መሐሉ ተይዞበት የነበረው መስመር ዙሪያውን ካለ፣ በአንድ በኩልም ብረቱ ወደ ውጭ ተገፍቶ ሻካራ ከሆነ፣ የሰው ሥራ ነው።

ፊደል የገባበት ስሙኒም የሞርሳ ሥራ ይመስለኛል። ሁለት ሳንቲም ደራርበህ ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚያጠብቅ መሣሪያ) ላይ ብታጠብቅ አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል። የሚታተመው ተገልብጦና ወደ ውስጥ ሰርጎ ነው። ከሥር የነበረው አንበሳ ደግሞ አፍንጫው ይጨፈለቃል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ልጆቹ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ፈጣን ገዢ፦

ሁሉንም በአንድ ላይ እወስዳለሁ። ዋጋ በውስጥ መስመር። ቶሎ በል፣ የምገዛው ዛሬ ብቻ ነው።

የወልድያው ሰብሳቢ፦

የሱቅ ልጅ፣ አትቸኩል። "ዛሬ ብቻ" የሚል ገዢ ሲመጣብህ ጣሳህን ክደን። ለወንድምህም ንገርልኝ። እነዚያ የቴሌግራም ሰዎች መጀመሪያ ለምዝገባ፣ ከዚያ ለማረጋገጫ እያሉ ብር ያስልኩሃል። ከላክህ በኋላ ስልካቸው አይነሳም። ብዙ ወጣት እንዲህ ተበልቷል፤ ያንገበግበኛል።

እኔ አዲስ ነገር በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ነገር የደረሰበት ማኅተሙ (ምስሉን የሚያትምበት ብረት) ሲያርፍበት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ? ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ስህተት ነው፤ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ጉዳት ነው፤ ላዩ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ አያወጣም።

መልሱ ብረቱ ላይ አለ። ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም ፊደሉም ሜዳውም (ባዶው ቦታ) ጠርዙም እኩል ያረጁ ናቸው። በኋላ የተጎዳ ግን ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ጉዳቱ ያለበት ቦታ ብቻ ያበራል። ፊደሉ ይጨፈለቃል፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ብረት ዝም ብሎ አይጠፋም። እዚህ ጋ ከጎደጎደ እዚያ ጋ ተቆልሏል፣ ካልተቆለለም ተሞርዷል ማለት ነው። ጣትህን አሳልፍበት፤ ዓይንህ ያላየውን ጣትህ ያገኘዋል።

ስለ ስሙኒው ሮንዴላ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ማተሚያ ቤትም ውስጥ የተገለበጠ ምስል ያለበት ሳንቲም ይወጣል። የታተመው ሳንቲም ሳይወጣ ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ቀጥሎ የገባው ብረት ላይ ምስሉን ይተዋል። የዚያኛው መለያ ጥራቱ ነው። ሙሉው ምስል ጥርት ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በሌላኛው ፊት ያለው ምስል ደግሞ ጤነኛ ነው። የአንተው እዚህም እዚያም ፊደል ብቻ ከሆነና አንበሳው ከተጨፈለቀ የሞርሳ ነው።

ወደ ነጩ አሥር ሳንቲም እንምጣ። ዓመቱን አንብብ። 1969 የሚለው ውስጡም ውጭውም ናስ ነው፤ ማግኔት አይስበውም። 1996 የሚለው ግን ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ በናስ ተለብጧል። ልባሱ ሲላጥ ወይም አሲድ ሲበላው ከሥሩ ግራጫው ይወጣል። ማግኔት ከሳበው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። 1969 ሆኖ ነጭ ከሆነ ግን አንድ ሰው ቀለሙን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ድሮ ተማሪዎች ከላብራቶሪ ባዜቃ (ሜርኩሪ) እያወጡ ሳንቲም ያነጡ ነበር። ባዜቃ መርዝ ነው። ከጠረጠርክ በእጅህ አትሸው፣ ልጆችም አይንኩት።

ሃምሳ ሳንቲሙ ግን ልቤን ሰቅሎታል። ሳንቲም የሚታተመው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማኅተሞች መሐል ነው። አንደኛው ማኅተም ከመቀመጫው ላልቶ ከዞረ ሁለቱ ፊቶች አይገጥሙም። ከዚያው ዓመት ሌሎች ሃምሳ ሳንቲሞች ፈልግ። እያንዳንዱን ከላይና ከታች በሁለት ጣት ያዝና በአንድ አቅጣጫ አዙር። ሁሉም ተመሳሳይ መጥተው ያንተው ብቻ ከተጋደመ እውነተኛ የማተሚያ ስህተት ይዘሃል። በመዶሻ የሚሠራ ነገር አይደለም። የሚፈራው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሳንቲም ተሞርዶ ፊትና ጀርባው ተለጥፎ እንዳይሆን። ጠርዙ ላይ መጋጠሚያ መስመር ፈልግ። ጠረጴዛ ላይ ጣለውና ድምፁን ከሌላው ጋር አወዳድር። የተለጠፈ ሳንቲም ድምፁ የታፈነ ነው።

ስለ 1969ኞቹ ካነሳን አንድ ነገር ልበል። አንበሳውን ቀርቦ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በአንዳንዱ ባለአንድ ሳንቲም ላይ ከአገጩ ሥር ሁለት ረዣዥም ጢሞች ዓመቱን ሊነኩ ይደርሳሉ። በሌላው ላይ ጢሙ ሁሉ እኩል ነው። ይህ ስህተት አይደለም፣ የተቀረጸው ማኅተም የተለያየ ስለነበር ነው። ያቺ ቀላል አሉሚኒየም ሳንቲም መሬት ወድቃ የሚያነሳት የለም፤ እኔ ግን ሳገኛት ሁልጊዜ ጢሙን አያለሁ።

ስለ አሮጌዎቹ ማታ እመለሳለሁ።

ፋጤ፣ ደሴ፦

ማሻ አላህ፣ ጋሼ! ይህን የመሰለ ነገር እዚህ አግኝቼ አላውቅም። አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ያረጀ ሳንቲም ስታገኝ በሎሚና በአመድ ታሸዋለች፤ ይወለወላል፣ ያበራል። ይጠቅመዋል?

የወልድያው ሰብሳቢ፦

የኔ እህት፣ እናትሽን በጣም አክብሬ፦ እባክሽ አስቁሚያቸው። ሎሚው ላዩን ይበላዋል፣ አመዱ ይጭረዋል። ያ ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ መዳቡ በዘመኑ ያወጣው ቆዳ ነው። አንዴ ከተላጠ አይመለስም። የታሸ ሳንቲም ሰብሳቢ ከሩቅ ያውቀዋል። አፈር ካለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳድሪውና በለስላሳ ጨርቅ ሳትፈትጊ አድርቂው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

መምህርት፣ ሐይቅ፦

ስለ ዓመቱ ካነሳችሁ ላግዝ። ብዙ ወጣት ሳንቲሙ ላይ ያለውን የግእዝ ቁጥር ማንበብ አይችልም፤ ተማሪዎቼ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ያልተለመደውን ከተለመደው መለየት ይከብደዋል።

ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ከዚያ ቀሪው። ፲፱፻፴፮ ካለ 1936 ነው። ፲፱፻፷፱ ካለ 1969 ነው። ፲፱፻፺፮ 1996 ነው። ብረቱ አንድ ብር ላይ ያለው ፳፻፪ ደግሞ 2002 ነው። በተለይ ፷ እና ፺ ባረጀ ሳንቲም ላይ ይምታታሉ፤ በአጉሊ መነጽር እዩ።

ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። አንድ የውጭ አገር ሻጭ ኢንተርኔት ላይ የ1969ኙን "ከንጉሡ ዘመን" ብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። በእነሱ 1977 ገደማ ስለሆነ የደርግ ዘመን ገንዘብ ነው። ንጉሥም የለበትም፤ ያለው የአንበሳ ራስ ነው።

ብር ሠሪ፣ ባቲ፦

አሰላሙ አለይኩም። ቀዳዳውን እኔ ልየው፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ብር ላይ ነው።

ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ነው። ሲሠራ የተቀደደ አለ። የዚያ ከንፈሩ በሁለቱም ፊት ከፍ ያለና ለስላሳ ነው፣ ጽሑፉም ጌጡም ቀዳዳውን ዞሮ ይሄዳል እንጂ አይቆረጥም። በኋላ የተበሳው ፊደል ይቆርጣል፣ ምስል ይበሳል፤ ምስማሩ በወጣበት በኩልም ብረቱ ተጎልጉሎ ይቀራል። የአንተ የእንግሊዝ ፊደል ያለበት ሳንቲም በቀዳዳው ዙሪያ የዝሆን ጥርስ ካለው የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነው። ጣሊያን ሲወጣና እንግሊዝ ሲገባ በሽልንግ እንገበያይ ነበር ብለው ያባቶቻችን ዘመን ሰዎች ያወራሉ። የጃንሆይ አዲሱ ብር በ1937 እስኪወጣ ድረስ ነው። ቀዳዳው ጉዳት አይደለም።

የተበሳ ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም። ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ብር) አብዛኛው እኛ ጋ የሚመጣው ተበስቶ ወይም ላዩ ላይ ጆሮ ተበይዶበት ነው። የባቲ ሰኞ ገበያን የሚያውቅ ያውቃል። ከአፋር፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራ የሚመጡ ሴቶች አንገት ላይ ሲያበራ የኖረ ብር ነው። ሰብሳቢው "ተበላሸ" ይለዋል። ለኔ ግን ያ ጆሮ የአንድ አንጥረኛ እጅ ነው። ማን ለማን እንደሠራው ሳስብ እጄ አይደፍርም። ማቅለጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ አምጥተው "አቅልጥልኝ" ሲሉኝም እለምናቸዋለሁ።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የሚያየው ይኸው። 1780 የሚል አለበት፤ ግን ያ የተመታበት ዓመት አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። ሙሶሊኒ እንኳ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ ሮም ላይ አስመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ራሷ ላይ ያሉት ዕንቁዎችና ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ መለየት አለባቸው። አባቶቻችን እነሱ ካልታዩ ብሩን አይቀበሉም ነበር። ከሁሉም በላይ ጠርዙን እዩ። እውነተኛው ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ፊደልና ጌጥ ወጣ ብሎ ተጽፏል። በአሸዋ ተቀርጾ የፈሰሰ አስመሳይ ያን ጠርዝ በደንብ ማውጣት አይችልም፤ ወይ ይደበዝዛል ወይ መጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

ፋጤ፣ ደሴ፦

አባባ፣ አያቴ እንዲህ ዓይነት አንድ አላቸው፣ ጆሮ ያለው። ጆሮውን አስነቅዬ ብሸጠው ይሻላል ያለኝ ሰው ነበር።

ብር ሠሪ፣ ባቲ፦

አይነቀል፣ ልጄ። ሲነቀል ብየዳው ጠባሳ ይተዋል። ያኔ ጌጥም አይሆንም፣ ንጹሕ ብርም አይሆንም። እንዳለ ይቀመጥ። አያትሽን ከማን እንዳገኙት ጠይቂያቸውና ጽፈሽ አብረሽ አስቀምጪ።

የላስታ ልጅ፦

እንደመጣልኝ ልጨምር። እርሻ ላይ ወይም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከመሬት የወጣ ትንሽ፣ ቀጭን፣ የንጉሥ ራስ ያለበት ሳንቲም ካገኛችሁ የአክሱም ሊሆን ይችላል። ከክርስትና በፊት ያሉት ጨረቃና ክብ፣ ከዒዛና ክርስትና ወዲህ ያሉት መስቀል አላቸው። ይህ ከሱቅ መልስ ጋር የሚደባለቅ ነገር አይደለም። በቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) በድንገት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር አለበት። ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። የተገኘበትን ቦታም በደንብ ያዙ፤ ለተመራማሪ ቦታው ከሳንቲሙ አያንስም።

የወልድያው ሰብሳቢ፦

ባቲ ያሉት አባታችን ዕድሜ ይስጥልን። ለቀዳዳው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቀዩ ሳንቲም ቀርቷል። ጠርዙ ገባ ወጣ የሚለው የጃንሆይ ስሙኒ ነው፣ 1936 ይላል። ቅርጹ ጉዳት አይደለም። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር፤ መጠኑ ግን ለሃምሳው በጣም ይቀርብ ነበር። ሃምሳው ደግሞ እውነተኛ ብር ነበር፣ የብር ማዕድን ማለቴ ነው። ቀዩን ስሙኒ ነጭ ቀብቶ በሃምሳ ማሳለፍ ቀላል ሆነ። ከዚያ ነው ጠርዙ እንዲህ የተደረገው፤ በጨለማም ቢሆን ጣት እንዲለየው። ስለዚህ ብርቁ ክቡ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክብ ሆኖ ሃያ አምስት የሚል ቀይ ካገኛችሁ እንዳትሰጡት። የነጭ ቀለም ርዝራዥ ቢገኝበት ደግሞ አትጠቡት። ያ ቀለም ራሱ የዚያን ዘመን ማስረጃ ነው።

የ1936ኞቹ ሌላም ጠባይ አላቸው። ያው ዓመት ተጽፎባቸው ለብዙ ዓመት ሲታተሙ ኖረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ ፊላዴልፊያ ነው የታተሙት። ስለዚህ ሁለት አሥር ሳንቲም አንዱ ወፍራም ፊደል፣ አንዱ ቀጭን ቢመስል ወዲያው "አስመሳይ" አትበሉ።

የሱቅ ልጅ፣ ደሴ፦

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ሱቅ ዘግቼ ያላችሁትን ሁሉ አደረግኩ።

የአንድ ብሩ ቀለበት ሮንዴላ እንዳለው ነው፤ መስመሩ አለ፣ በአንድ በኩል ብረቱ ተገፍቷል። ስሙኒውም አንበሳው አፍንጫው ተጨፍልቋል። አሥር ሳንቲሙን ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ በነቀልኩት ማግኔት ሞከርኩት፣ ልጥፍ ብሎ ተያዘ። ዓመቱን በመምህርቷ ትምህርት አነበብኩት፣ ፲፱፻፺፮ ነው። ጠርዙ አጠገብ ትንሽ ቢጫ ልባስ አሁንም አለ፤ በመብራት ሳዘነብለው ዳሩ እንደ ተላጠ ቀለም ይታያል።

የዝሆን ጥርሱም አለ! ቀዳዳውን ከበው ሁለት ጥርሶች። ከላይ ዘውድ። ስንት ዓመት በእጄ ሲያልፍ ልብ አላልኩትም።

አሁን ሃምሳው። ከዚያው ዓመት ያሉኝን ሁሉ ደረደርኩ። ሁሉም እኩል ይመጣሉ፣ የኔው ብቻ ይጋደማል። ጠርዙ ላይ መስመር የለም። ጠረጴዛው ላይ ስጥለው እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?

የወልድያው ሰብሳቢ፦

እንኳን ደስ አለህ! ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው። ፕላስቲክ አይሁን፤ አንዳንዱ ለስላሳ ላስቲክ ከሳንቲም ጋር ተጣብቆ አረንጓዴ ያወጣል። ከሌሎቹ ጋር አይንኳኳ። ዋጋውን እኔ አልቆርጥልህም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም በሁለት ሰዎች ስምምነት ነው የሚቆመው። የሚሸጥ ከሆነ ፊት ለፊት፣ በእጅ በእጅ፣ ቸኩሎ ካልመጣ ሰው ጋር ይሁን።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁንም ልለምን። ማኅተም ሲላላ አንድ ሳንቲም ብቻ አትሞ አያቆምም። ሠራተኛው እስኪያየው ድረስ ብዙ ያወጣል። ስለዚህ የዚህ ሃምሳ ሳንቲም ወንድሞች አንድ ቦታ አሉ። ወሎ ውስጥ ያላችሁ፣ ሱቅ፣ ባጃጅ፣ ቡና ቤት ያላችሁ፣ ሃምሳዎቻችሁን እንዲሁ አዙራችሁ እዩልኝ። ካገኛችሁ በምን ያህል እንደተጋደመ እዚህ ጻፉ። ሁለቱ በእኩል ከተጋደሙ ከአንድ ማኅተም የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሱቅ ልጅ፣ ዓመቱን ግን አልጻፍክም። 1969 ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ?

የሱቅ ልጅ፣ ደሴ፦

1969 ነው። ማግኔትም አይስበውም።

ሮንዴላ፣ ኮምቦልቻ፦

ጋራዡ ውስጥ የቡሎን ሣጥን ሥር የተጠራቀመ ሳንቲም አለ፣ ግማሹ ሃምሳ ነው። ነገ ጠዋት ልጆቹን ይዤ አንድ በአንድ እናዞረዋለን።